ሳይሞከር የተመሰገነ መልስ

ለተከበሩ የጥያቄና መልስ ድረ ገጹ ዋና አስተዳዳሪ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ ከልቤ ነው፣ ቢታመሙ የት ሄደው እንደሚጠይቁ አውቃለሁና። ይህን የምጽፍልዎ በሆስፒታል ኮሪደር፣ አባቴ የተኙበት ክፍል በር ላይ ተቀምጬ ነው። ለግድፈቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፤ አባቴ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፤ ደም እንዳይረጋ የሚያቀጥን ክኒን ይወስዱ ነበር። ድዳቸው ሲደማ እህቴ ደነገጠች፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ገጽዎ ላይ ጠየቀች። «መላ አያጣም» የተባሉት ባለ ሰባት ኮከብ መላሽዎም ወዲያው «ክኒኑን ያቁሙት፤ ደም የራሱን መንገድ ያውቃል» አሏት። ስለ ፍጥነታቸው እናመሰግናለን። ኮከቦቹን ያፈሩት ስለ ስልክ ጥገናና ስለ ኳስ ውጤት በመመለስ መሆኑን ያየሁት ዛሬ፣ እዚሁ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

ሁለተኛ፤ አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ ከሥር «ክኒኑ ለምን ታዘዘላቸው? ሐኪማቸውን ሳትጠይቁ እንዳታቋርጡ» ብለው ነበር። በደንብዎ መሠረት ጥያቄን በጥያቄ መመለስ መልስ አይባልምና ጽሑፋቸውን ደበቁልን። ለዓይናችን ስላሰቡ ምስጋናችን ይድረስዎ።

ሦስተኛው ከሁሉ ያስፈራኛል። እህቴ ጨዋ ናትና መልሱን እንዳነበበች፣ አባቴ ገና ክኒኑን ሳያቋርጡ፣ «ጠቅሞኛል» የሚለውን ተጫነች። የሰጠንን ሰው ሳያመሰግኑ መነሣት በቤታችን ነውር ነው። ለካ እርስዎ ኮከብ አድርገው የሚቆጥሩት ይህንኑ ጨዋነታችንን ኖሯል። ምክሩ የጣለው ሰው ደግሞ ተመልሶ ኮከብ አይነቅልም፤ ወይ እንደ እኔ በር ይጠብቃል፣ ወይም... ይህን ዐረፍተ ነገር አልጨርሰውም፤ እፈራለሁ።

አባቴ እንደተባሉት ክኒኑን አቆሙ፤ ዛሬ ጠዋት ኩባያ ከእጃቸው አመለጣቸው። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄደ። ስሜን ሊጠሩ ሞክረው አቃታቸው። እስካሁን ከዚያ በር የወጣ ሐኪም የለም፤ እጀታው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብድግ እላለሁ። እህቴ አጠገቤ ሆና «አመስግኜው ነበር እኮ» ትላለች፣ ደጋግማ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምስጋናችንን ከመቁጠርዎ በፊት ምክሩን ሞክረነው እንደሆነ ይጠይቁን።

በሰባቱም ኮከቦችዎ ብርሃን እየተመራ እዚህ በር ላይ የደረሰ፣ አንድም ኮከብ የሌለው አክባሪዎ፣
የአናጢው ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልፈርም ስል ከገጽዎ መልእክት ደረሰን፤ በእህቴ ምስጋና «መላ አያጣም» ስምንተኛ ኮከባቸውን አግኝተዋል፣ «የጤና አማካሪ» የሚል ማዕረግም ተጨምሮላቸዋል። እህቴ ምስጋናዋን ልታነሣ ፈልጋ ቁልፉን አጣችው። እንዴት እንደሚነሣ ገጽዎ ላይ ጠየቀች፤ ከሁሉ ቀድመው የመለሱላት እሳቸው ናቸው።