ደማችንን ላደረቀልን ዲግሪ

ለተከበሩ ዶክተር ንጉሴ
የወንጀል ፍትሕና የሰብዓዊ አገልግሎት ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ወልድያ

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤንነትዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ እንዲሁም «የነገውን የፍትሕ ሰው ዛሬ እናፈራለን» ከሚል ጽሑፍ ጋር በየመብራት ምሰሶው የተለጠፈውን ፎቶግራፍዎን ክረምቱ እንዴት እንደያዘው በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ አብዱልሐሊም የምባል፣ ከግራና ከተማ ወጣ ብዬ የምኖር፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ገበሬ ነኝ፤ የኮሌጅዎን ስም ያልጠቀስኩትም ባልተማረ እጄ እንዳላቆሽሸው ሰግቼ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ታላቁ ልጄ ኢዘዲን በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልቶ ሰው ገደለ፤ አልሸፋፍነውም፣ የተፈረደበትን እስራት ዛሬም እየፈጸመ ነው። በእኛ አገር ግን ፍርድ ቤት የሚዘጋው መዝገቡን እንጂ ደሙን አይደለም። የሟች ወንድሞች ደማቸውን ከታናሹ ልጄ ከዓሪፍ ይፈልጉ ስለነበር፣ ያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የነበረው ዓሪፍ ገበያ ሳይወጣ፣ ሠርግና ለቅሶ ሳይደርስ፣ ፊቱን ለሰው ሳያሳይ ጎረመሰ። እንዲህ ያለው ነገር የሚያበቃው አባጋር የምንላቸው ሽማግሌዎች መሐል ገብተው ሁለቱን ወገን ሲያስታርቁ ብቻ ነው፤ እኛም ይህን ደም ማድረቅ እንለዋለን። ሼህ ጀብሪልና ባልደረቦቻቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ተመላልሰው የሟችን ወገን እሺ አሰኙ፣ ለመጋቢትም ቀን ተቆረጠ። ተማሪዎችዎን የላኩልን ለዚያው ቀን ነበርና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. አራት ተመራቂ ተማሪዎች ከነመምህራቸው፣ ባለ ማኅተም የትብብር ደብዳቤ ይዘው ለተግባር ልምምድ መምጣታቸው አኩርቶናል። ሽማግሌዎቻችን ማኅተም ያለውን ሰው ሂድ ማለት ስለማይሆንላቸው፣ ዕርቁ ከሚካሄድበት ዛፍ ጥላ ጥግ ሰጥተው ወተት አቀረቡላቸው።

2. ከዕርቁ በፊት ፎርም እንድሞላ መደረጉ ዓይኔን ከፍቶልኛል። ስድስት ዓመት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ከአምስት ሳጥኖች በአንዷ፣ «ስጋትዎ ከፍተኛ ነው» በምትለው ላይ በኤክስ ምልክት እንደሚያልቅ ማን ያውቅ ነበር? ተራ ቁጥር ሰባት ላይ የቤተሰቤን ብዛት ስጠየቅ ባለቤቴን ሀስናን፣ ሁለቱን ልጆቼንና ራሴን ቆጥሬ አራት ብያለሁ።

3. ዱዓ ተደርጎ ሽማግሌዎቹ እስኪመርቁ ድረስ የሁለቱ ወገን ሰዎች ጀርባቸውን ተሰጣጥተው እንደሚቀመጡ፣ ዓይን ለዓይን እንደማይተያዩ፣ በገዳይ ወገን ያለ ሰውም በስሙ እንደማይጠራ በወረዳችን በሀብሩ ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን ያውቃል። የእርስዎ መምህር ግን በመጽሐፋቸው «በዳይና ተበዳይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስሜታቸውን ይግለጹ» የሚል ስላለ፣ ሼህ ጀብሪል ለሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ዞር ባሉበት ቅጽበት ሰዉን አዙረው ፊት ለፊት አስቀመጡት። ተማሪ ቤዛዊትም መዝገቧን ገልጣ የገዳይ ወንድም ዓሪፍ የሚል ስም ጠራች። ልጄ ተጠርቶ ዝም ማለት ነውር መስሎት አቤት ብሎ ተነሣ። ስድስት ዓመት የደበቅሁትን ፊት የሟች ወንድም በአምስት ክንድ ርቀት አየው። ስሜቱን እንዲገልጽ ተጠይቆ ነበርና ገለጸ፤ ዱላውን ከእጁ ለማስጣል አራት ሰው ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ሼህ ጀብሪል ሲመለሱ ይህን አይተው፣ እንግዶቹን እንኳ ሳይቆጡ፣ ልጆቼ ምን አደረጋችሁን ብለው ጋቢያቸውን አነሡና ሄዱ።

4. ይህ ሁሉ ሲሆን ፎቶ ተነሥቷል። የዓሪፍ ፊት ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ እናመሰግናለን።

5. በሚያዝያ ቢሮዎ ድረስ ስመጣ ያደረጉልኝን የሰብዓዊ አገልግሎት ውለታ አልረሳም። ደሙን ዳግመኛ ለሽምግልና ያበቁልኝ ዘንድ ከሟች ወገን ጋር እንዲነጋገሩልኝ ስለምንዎ፣ ስልክዎን እያዩም ቢሆን እስከ መጨረሻው ሰምተውኛል። ጉዳዩ ከጥናቱ ወሰን ውጭ መሆኑን አስረድተውኝ፣ ልጁን ለጊዜው ራቅ ወዳለ ቦታ ብልከው እንደሚሻል መክረውኛል። ባለሙያ የመከረውን አለመፈጸም ድንቁርና ነውና ምክርዎን ተቀብዬ ወጣሁ።

6. የተማሪ ቤዛዊት የመመረቂያ ጽሑፍ «እጅግ በጣም ጥሩ» ማግኘቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በምዕራፍ አራት ስለ እኛ «ዕርቁ ተሳክቶ ደሙ ደርቋል» ተብሎ የተጻፈውን አንድ የሰፈራችን አስተማሪ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። እኛን ሽማግሌዎቹ ሳይመርቁን ተበትነናል፤ እነሱ ግን በመጪው ቅዳሜ ይመረቃሉ። በዚያ ጥላ ሥር ከተቀመጥነው ሁሉ ምርቃት የደረሰው ለእነሱ ብቻ መሆኑ አላህ ለተማረ ሰው ያለውን ውዴታ ያሳያል። እኔንም የክብር እንግዳ አድርገው ስለጠሩኝ እጅ ነሥቻለሁ፤ የምለብሰው ጋቢ ግን ለሌላ ነገር ስለዋለ መቅረቴን በትሕትና አሳውቃለሁ።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ወንበርዎ እንዲመች፣ ልጆችዎንም ደጃፍዎ ላይ ቆመው በስማቸው እየጠሩ የሚያስገቧቸው ሰው እንዲያደርግዎ ዱዓዬ ነው።

የጥናትዎ ተሳታፊና ታዛዥዎ
አብዱልሐሊም
ግራና፣ ሀብሩ

ማስታወሻ፦ በምክርዎ መሠረት ዓሪፍን ከአገር ላርቀው በግንቦት አንድ ማለዳ መርሳ መናኸሪያ ወስጄው ነበር። አውቶቡሱ ሳይሞላ የሟች ወንድም መጣ፤ ፊቱን ያውቀው ስለነበር ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ልጄን በጋቢዬ ሸፍኜ ወሰድሁት። ከአስፋልቱ ላይ የቀረውን ፀሐይዋ እስከ ቀትር ስላደረቀችው የተማሪ ቤዛዊት ምዕራፍ አራት አሁን እውነት ሆኗልና እንዳይነካ። በፎርሙ ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ግን አራት ያልኩትን ሦስት ብለው እንዲያርሙልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።