የቄጠማው ረግረግ

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ፣ ሰሙነ ሕማማት

ለቀዳም ስዑር የምናድለውን ቄጠማ ላጭድ ዛሬ ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣሁ። ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ከአባታችን ወደ ወረስነው ረግረግ ሄድኩ። በአካባቢው ያለው ረግረግ ሁሉ ደርቆ ቄጠማ የቀረው እዚያ ብቻ ነበር። አሁን እዚያም የለም። መሐሉን ቦይ ቀደውበት ውኃው ወደ ወንዙ ወርዷል፤ መሬቱ ታርሶ ነጭ ሽንኩርት በቅሎበታል።

ያረሰው ታላቅ ወንድሜ አያ ሙላት ነው። አምና ከእሱ ጋር ሆነን፣ ቄጠማው እንዳይጠፋ ብለን፣ ጎረቤቶቹ ከብት እንዳያስገቡበት ለምነን ነበር። ቄስ ነኝና ቃሌን አከበሩልኝ፤ በበጋ ሣር ጠፍቶ ከብቶቻቸው ሲከሱ እንኳ አልነኩትም።

«ምነው አያ ሙላት፣ ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ?» አልኩት።

«ብነግርህ እሺ አትልም» አለኝ ከጉልጓሎው ቀና ሳይል። «አንተ ለቄጠማህ በዓመት አንዴ ትመጣለህ። እኔ እዚህ ልጆች አሳድጋለሁ።»

ችግሩን ቢነግረኝ አብሬው መላ እፈልግ ነበር። ያንገበገበኝ ሰዉን በእኔ አፍ አስከልክሎ ለራሱ ማረሱ ነው።

ስመለስ ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ መንገድ ላይ አገኙኝ።

«አባ፣ ከብቶቻችንን የከለከላችሁን ለዚህ ኖሯል?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር ብል ወንድሜን ማሳጣት ሆነብኝና ዝም አልኩ። እሳቸውም መንገዳቸውን ቀጠሉ። በሰሙነ ሕማማት መስቀል አናሳልምም። ሌላ ቀን ቢሆን ይሳለሙኝ እንደነበር ግን አላውቅም።