አባትሽ መልሶ የተሸከመው ድንጋይ

ሮብ ገበያ፣ የካቲት 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

የሆዴ ልጅ ሂዊ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባለቤትሽ ጌቱስ ደኅና ነው? እኛ አምላክ ይመስገን፣ ከአባትሽ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደኅና ነን። በስልክ ገና «ልጄ» ስልሽ ማልቀስ ስለምትጀምሪ በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው። ሽማግሌ ሳይላክ፣ ሳንመርቅሽ ስላገባሽ አዝነን ነበር፤ አልዋሽሽም። ግን ይቅር ካልንሽ ቆየን። አንቺ ነሽ «በምን ዓይኔ አያችኋለሁ» እያልሽ ሐዋሳ የቀረሽው። እስቲ የአባትሽን ጉድ ልንገርሽና ፍረጂ።

በጥቅምት ገብሳችን ተበልቶ አደረ። አባትሽ ሳያጣራ፣ ከቅዳሴ መልስ በሰው ፊት፣ «ከብትህን ለቀህ አስበላኸኝ» ብሎ ጎረቤታችንን አያ አበረን ሰደበው። በሳምንቱ ገብሱ ውስጥ ማን ተገኘች መሰለሽ? የገዛ በቅሏችን! አባትሽ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ሄዶ እግሩ ላይ ወደቀ። አያ አበረ ቂም አያውቅም፤ «እግዜር ይቅር ይበለን» ብሎ ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደለትና አቅፎ አነሣው።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አባትሽ ግን ያንን ድንጋይ በሆዱ መልሶ ተሸከመው። ከአያ አበረ ላለመገናኘት ቤተ ክርስቲያን በወንዙ ዞሮ ይሄዳል። ከሰንበቴ ማኅበሩም ቀረ። በንስሐ የታዘዘለትን ስግደት ከጨረሰ በኋላ በራሱ እየጨመረ ሰግዶ ሰግዶ ጉልበቱ አበጠ። እኔማ ቅዱስ ሰው አገባሁ ብዬ ልኮራ ምንም አልቀረኝ! የንስሐ አባታችን ቄስ ወልደ ገብርኤል ሰምተው መጡ።

«እኔ ያዘዝኩህን ፈጽመሃል። ትርፉን ማን አዘዘህ?» አሉት።

«ኅሊናዬ ነዋ፣ አባ።»

«ሐሳብ ሁሉ ከእግዚአብሔር አይደለም ልጄ፣ መርምረው። ወደ ወንድምህ ካቀረበህ ተከተለው። ካሸሸህ ጠርጥረው።»

አባትሽ ራሱን ነቀነቀ። እሱ ራሱን ነቀነቀ ማለት ገባው ማለት እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

ኋላ አያ አበረ ራሱ መጣ። ምራቱ ወንድ ልጅ ወልዳ ኖሮ፣ «ክርስትና አንሣልን» አለው።

«እኔ? እኔማ አይገባኝም» አለ አባትሽ።

አያ አበረ ተቆጣ። «አያ እንዳላማው፣ ይቅር ያልኩህ ለቀልድ ነው? ይቅርታዬን ንቀህ ነው እንጂ!»

ይቅርታን አለመቀበልም በደል መሆኑን አባትሽ ያን ቀን ገና መስማቱ ነው። ደንግጦ እሺ አለ።

ክርስትናው ዛሬ ጠዋት ነበር፣ በኪዳነ ምሕረት። ቄሱ ሕፃኑን ከውኃው አውጥተው ሲሰጡት አባትሽ እጁን ጋቢው ውስጥ እንደቀበረ ፈዞ ቆሟል። «ተቀበል እንጂ እንዳላማው፣ ልጁ በረደው!» ብለው ጮኹበት። ያን ጊዜ እጁን ዘረጋ። ታቅፎትም አለቀሰ። ልጁ ደግሞ ጊዜ አላባከነም፣ ጋቢውን አረጠበለት። አያ አበረ «እሰይ! የልጅ ልጄ ተበቀለልኝ!» ቢል ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። አባትሽም ሳቀ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። ወደ ቤት የተመለስነው በአቋራጩ፣ በአያ አበረ ደጅ ነው።

እንግዲህ ፍርድሽን አምጪ። አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ ጋቢውን እሳት ዳር ያደርቃል፤ ልጠብልህ ብለው እንቢ አለኝ። እመብርሃን ከክፉ ትሰውራችሁ፣ በሄዳችሁበት ቅኑ ይግጠማችሁ። ምን ልጻፍላት ብለው እንዲህ አለኝ፦ «ጌቱን ይዛ ለፋሲካ ትምጣ። ድንጋዩን እዚያው ትጣለው፤ እኔ እጄን ዘርግቻለሁ በያት።»

እናትሽ ማንጠግቦሽ