የባለቤቴን አንገት ግድግዳ ላይ ለሰቀሉት ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር የዩኒቨርሲቲው የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ፎቅ የሚያወጡዎት ሁለቱ ጉልበቶችዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናዎን የምጠይቀው ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎ። እርስዎ በሚመሩት ቤት አንድ ሰው ሲታመም ሕመሙን የሚያውቁት ብዙዎች፣ የሚነግረው ግን አንድም እንደሌለ በራሴ ቤት አይቻለሁና፣ እንዳይታመሙብን አጥብቄ እጸልያለሁ። እኛን ከጠየቁን ደህና ነን ማለት ይቸግረኛል፤ የእኛ ጤና ያለው እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ስለሆነ፣ ገልጠው አይተው እርስዎ ቢነግሩን ይቀላል።

ምናልባት ከሥራ ብዛት ረስተውን ከሆነ ላስታውስዎ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ በእርስዎው ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊት ሮማን ታሪክ ሲያስተምር ያረጀ ሰው ነው፤ እርስዎንም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳሉ አስተምሮዎታል። የሰፈራችን ሰው «ቄሣር» ነው የሚለው። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ «ቄሣር፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊወጉ ነው?» ይሉታል። ዕድሜውን የፈጀው ግን በጦርና በጋሻ ታሪክ ላይ አይደለም፤ በሸክላ እግር ላይ ነው። ከሮማውያን መካከል እግሩን የታመመ ሰው ከሸክላ እግር አሠርቶ፣ ዓይኑን የታመመም ዓይን አሠርቶ፣ ፈውስ ይሰጣል ብሎ ለሚያምነው አምላክ መቅደስ ያኖር ነበር። ባለቤቴ እነዚህን እግሮች፣ እጆችና ጆሮዎች ሲመረምር ኖረ። ሰው ታምሞ ማንን እንደሚለምን፣ ምን ይዞ እንደሚለምን ማወቅ ፈልጎ ነበር። አሁን አውቆታል፤ ለዚህም ዕውቀት ያበቁት እርስዎ ነዎትና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ አስተማሪ ስለነበርኩ ካልቆጠርኩ ይምታታብኛል።

፩ኛ፤ ስለ ግብዣዎ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተውና ግራ እግሩን መጎተት ሲጀምር፣ የጤና ጣቢያው ሐኪም አንገቱ በኤም አር አይ ይታይ ብሎ ጻፈለት። ከተማችን ያላት ማሽን አንድ ነው፤ እሱም የእርስዎ ነው፤ በሩም ላይ «ለምርምር ብቻ» የሚል ተለጥፎበታል። ባለቤቴ ቢሮዎ ድረስ ሲመጣ ከወንበርዎ ተነሥተው «ጋሼ፣ እርስዎማ የቤት ሰው ነዎት፤ ጥናቱ ውስጥ እናስገባዎታለን» አሉት። ያን ቀን እየሳቀ ነው ቤት የገባው። ለካ ሰው ከምርምር ጡረታ አይወጣም እያለ፣ ሲያጠና ኖሮ አሁን ደግሞ ሊጠና መሆኑን ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያወራ ዋለ። እኔም ሞኟ አብሬው ሳቅኩ።

፪ኛ፤ ስለ ደንብዎ አመሰግናለሁ። ጥናቱ፣ አንገት ውስጥ ያለ ችግር ከእጅ እንቅስቃሴ አስቀድሞ ይታወቅ እንደሆነ የሚመረምር ነው ተባልን። ውጤቱን ያወቀ ሰው እጁን እንደ ቀድሞው ስለማያንቀሳቅስ፣ ጥናቱ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ለተሳታፊው ምንም አይነገረውም ተባለ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ደንቡን ሰምቶ፣ እሺ ብሎ ፈርሞ፣ ዘወር ሲል አንዷን ነርስ ይለማመጥ ነበር። የእኔ ባል ግን የተማረ ሰው ነውና ደንቡን አመነበት። ከማሽኑ ሲወጣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚወጣው፤ ማሽኑን የምታሠራዋ ልጅ ፊት ላይ ውጤቱን አነባለሁ፣ ጥናቱም ይበላሻል ብሎ ይፈራ ነበር። እኔ እጁን ይዤ ኮሪደሩን አሳልፈው ነበር፤ እሱ አላየም እንጂ የልጅቱን ፊት እኔ አይቼዋለሁ። ልጠይቃት አፌን ስከፍት «አንቺ ሴት፣ ጥናቱን እንዳታበላሺው!» ብሎ ተቆጣኝ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ሰው ፊት ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። እኛም ዝም አልን። በየጊዜው እየተጠራ ማሽኑ ውስጥ ምስል ይነሣል፣ እጁን ዘርጋ እጠፍ ይባላል፣ ኬብል ይለጠፍበታል፣ ይመለሳል። በመጀመሪያ ከዘራ ያዘ፤ ቀጥሎ የጫማውን ክር እኔ ማሰር ጀመርኩ፤ ቀጥሎ ሻዩን በሁለት እጁ ይዞም ይደፋው ጀመር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለታማሚው የተነገረ ምክር ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙ ከታማሚው ቢደብቅስ ምን እንደሚባል የተረተ ሰው አላገኘሁም፤ ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረማ!

ክቡር ሆይ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን የልጆች ፈተና አርሜአለሁ። ወረቀቱን አርሜ፣ ልጁ የተሳሳተበትን አይቼ፣ ለጥናት ይጠቅመኛል ብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ያስቀረሁበት ጊዜ ግን የለም። ልጁ እየተሳሳተ ሲቀጥል ዳር ቆሜ ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት አልመዘገብኩም። ይህን የማላደርገው ስላልተማርኩ ይሆናል።

፫ኛ፤ ስለ ጉባኤዎ አመሰግናለሁ፤ በእውነት ያማረ ጉባኤ ነበር። «ከምርመራ ክፍል እስከ ጥንታዊት ሮማ» ብለው የሰየሙት የምርምር ጉባኤ የሕክምናውንም የታሪኩንም ምሁር ባንድ አዳራሽ ሰበሰበ። መክፈቻውን እንዲናገር የጋበዙት ባለቤቴን ነበር። ደግፈን መድረክ ላይ አወጣነው። ስለ ሸክላ እግሮቹ ሲናገር እንደ ወጣትነቱ ሆነ፤ ወረቀቱ ከእጁ ወድቆ መድረኩ ላይ ሲበተን እንኳ ሳያቋርጥ በቃሉ ጨረሰው። ሰዉ ወረቀቱን የጣለው ለጨዋታ መስሎት ሳቀ። እርስዎም ከፊት ወንበር ሆነው ስቀዋል፤ አይቼዎታለሁ።

ከእሱ ቀጥሎ የጥናቱ መሪ፣ ወጣቱ ዶክተር ወጡ። የሰው አንገት በትልቁ ስክሪን ላይ አበሩና «ይህ ተሳታፊ በስልሳዎቹ ዕድሜ ያለ የታሪክ ምሁር ነው» አሉ። በአንገቱ ውስጥ ካንሰር ያልሆነ እጢ እንዳለ፣ እጢው ወደ እጅና እግር የሚወርደውን ሰረሰር እየተጫነ እንደሆነ፣ ገና በመጀመሪያው ምስል ላይ ትንሽ ሆኖ በግልጽ እንደሚታይ፣ ከዚያ ወዲህ እንዴት እንዳደገና እጅና እግሩን እንዴት ተራ በተራ እንዳደከመ፣ ምስሎቹን በየተራ እያሳዩ አስረዱ። እንዲህ ከመነሻው ጀምሮ የተከታተሉት እጢ ብርቅ እንደሆነም በደስታ ተናገሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ዘወር ብዬ ባለቤቴን አየሁት። እሱም ያጨበጭብ ነበር፤ ግራ እጁ ስለማይነሣለት ጭኑ ላይ አስቀምጦ በቀኙ ይመታው ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «ጥሩ ሥራ ነው፤ ሰውየው እኔ ነኝ» አለኝ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ ያን ቀን እርስዎንም፣ ዶክተሩንም፣ ባሌንም፣ ሦስታችሁንም ጠላኋችሁ። ከእሱ ጋር ታርቀናል።

ያን ምሽት ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ነገር ነገረኝ። ሮማ ውስጥ የበግ ጉበት ገልጦ የሚያነብ ጠንቋይ ነበር፤ ያነበበውን ላስነበበው ሰው ይነግረዋል እንጂ ለሌላ ጉባኤ አያቆይም አለኝ። ሐሰት ይነግረው ይሆናል፤ ግን ይነግረዋል። እንግዲህ እርስዎ በሚመሩት ቤት ሳይንሱ ከጠንቋዩ የበለጠው በሁሉም ነገር ነው፤ እውነቱን ለባለቤቱ በመንገር ግን ጠንቋዩ ይበልጣል።

፬ኛ፤ ስለ ስንብቱ አመሰግናለሁ። በማግስቱ ምስሎቹን ይዘን ወደ ቀዶ ሐኪም እንድንሄድ ብለን ጽሕፈት ቤትዎ መጣን። ጸሐፊዎ፣ ደግ ሴት ናት፣ ወንበር ሰጥታን፣ ባለቤቴ ጉባኤው ላይ ተገኝቶ ውጤቱን ስላወቀ ከጥናቱ መሰረዙን ነገረችን። ደንቡን የጣሰው እሱ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም እርስዎ በላኩለት የግብዣ ካርድ! ከጥናቱ የወጣ ሰው ደግሞ ማሽኑ ውስጥ መግባት አይችልም፤ ማሽኑ ለምርምር ብቻ ነውና። የቆዩት ምስሎች ይሰጡን ስንል ጥናቱ እስኪታተም የጥናቱ ንብረት ናቸው ተባልን። መቼ ይታተማል ስንል ገምጋሚዎች ዘንድ ነው፤ እነሱም ባሕር ማዶ ናቸው ተባልን። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ልክ ናት፣ ደንቡ ይላል» አለ። ጸሐፊዋ ናት ያለቀሰችው።

፭ኛ፤ የምስሎቹን ምስጢራዊነት በጥብቅ ስለሚጠብቁም አመሰግናለሁ፤ ከቢሮዎ ስንወጣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ አየነዋ። በጉባኤው ሽልማት ያገኘው የጥናቱ ፖስተር ነው፤ መሐሉ ላይ የባለቤቴ አንገት የበር ያህል ተደርጎ ተለጥፏል። ተማሪዎች ሥሩ ቆመው ሳንድዊች ይበላሉ። በስልኬ ላነሣው ስል የጥበቃ ሠራተኛው በትሕትና ከለከለኝ፤ ምስጢር ነው አለኝ።

እንግዲህ ቀልዱን ልተወውና የመጣሁበትን በቀጥታ ልናገር። ከከተማ ውጭ ያገኘነው ቀዶ ሐኪም ገና በመጀመሪያው ምስል ጊዜ ቢመጣ ኖሮ ሰውየው በእግሩ ይሄድ ነበር ብሎናል። አሁን የቀረውን ለማዳን ይሞክራል። የተኛውን እግር አያስነሣም፤ ቀኝ እግሩንና ቀኝ እጁን ግን ሊያተርፍ ይችላል። እጢው ወዴት እንዳደገ ሳያይ የሰው አንገት እንደማይከፍት፣ ስለዚህም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሉት ምስሎች ሁሉ እንደሚያስፈልጉት፣ ፖስተርም እንደማይበቃው ነግሮናል። ጊዜ የለም ብሎናል። የምንለምነው ገንዘብ አይደለም፤ ይቅርታም አይደለም፤ ሽልማቱም የዶክተሩ ይሁን። የምንለምነው የገዛ ባሌን አንገት ነው። አንዱ ሠራተኛዎ ከጠዋት ሻዩ በፊት በዲስክ ገልብጦ ሊሰጠን የሚችለውን ነገር እንለምናለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ጅቡ ገና ደጅ ሳለ እየጮኽኩ ነው፤ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ አውጥቼ የምጮኸውም ከዚያ ቀን ወዲህ በበርዎ አላስገባ ስላሉኝ ነው።

ለዕውቀት መስፋፋት ያለዎት ፍቅር ከዕውቀቱ ባለቤት ደጅ ሳይደርስ እንዳይቀር ዘወትር እየተመኘሁ፣ ወንበርዎ ይጽና፣ ጉልበትዎ ይጽና፣ አንገትዎም በተለይ ይጽና እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምነሣ፤

የተሰረዘው ተሳታፊ ሚስት፣ ያልተሰረዘች።

ማሳሰቢያ፤ ከዚህ ደብዳቤ ቅጂ ጋር ለጥበቃ ሠራተኛዎ በጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ እግር ትቼለታለሁ። ባለቤቴ ነው የሠራው። እንዴት እንደሚለመን ከሮማውያን ስለተማረ፣ የእኛ ፈውስ ያለው በምክትል ፕሬዚዳንቱ እጅ ነው፣ ስለዚህ መቅደሳቸው ይቀመጥ ብሎ ነው። በአንድ እጁ ስላበጀው ትንሿ ጣት ጠማማ ሆናለችና ይቅርታ ያድርጉለት። እግሩ የግራው ነው። መልስዎ እንደ ልማድዎ ጥናቱ ታትሞ እስኪወጣ የሚቆይ ከሆነ ግን አይጨነቁ፤ ጭቃ ተርፎናል። ቀኙን እግር እኔ ሠርቼ አመጣልዎታለሁ፤ ያኔ የእሱ እጅ ጭቃ መያዝ አይችልምና።