ተሰናብቶ በር ላይ ስለቀረው ጸረ ቫይረስዎ

ለተከበሩ የጸረ ቫይረስ አምራቹ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጥርስዎስ? ሰው ሠራሽ ጥርስ በመሥራት የምተዳደር ስለሆንኩ የሰው ጤና ቀድሞ የሚታየኝ በዚያ በኩል ነው። ጥርስዎ ሙሉ እንደሆነ ስቀው፣ በልተው፣ በሰው ፊት ያለ ሐፍረት ተናግረው እንዲኖሩ ከልብ እመኝልዎታለሁ። ፕሮግራምዎ ይህንኑ አማቴን ስለነሳቸው ምኞቴ ባዶ ወግ እንዳልሆነ ይረዱልኛል።

ደብዳቤዬ ግልጽ ደብዳቤ ነውና፣ ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። እኔ የጥርሱን ቅርጽ ኮምፒውተር ላይ እነድፋለሁ፤ በገመድ የተገናኘው ማሽን ደግሞ ከሴራሚክ ይቀርጸዋል። ጸረ ቫይረስዎ ኮምፒውተሬን እያጓተተ ስላስቸገረኝ፣ ደንቡን ተከትዬ በክብር አሰናበትኩት። «ሙሉ በሙሉ ተወግዷል፤ አብረውን ስለነበሩ እናመሰግናለን» አለኝ። አመንኩት።

በማግስቱ አማቴ የፊት ጥርሶቻቸው ተሰብረው መጡ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ጎረቤታቸው አጥሩን ገፍቶ ግቢያቸው ውስጥ ስለተከለው፣ በዚያው ሳምንት ፍርድ ቤት ቀርበው ቃላቸውን ሊሰጡ ተቀጥረው ነበር። «አንተ ልጅ፣ እንዲህ ሆኜ ዳኛ ፊት አልቆምም» አሉኝ። ይደርሳል ብዬ ቃል ገባሁ። ከዚህ በኋላ ለተደረገልኝ ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ፕሮግራምዎ ታማኝነት አመሰግናለሁ። መቅረጫ ማሽኑን ሳስነሳ፣ «ይህ መሣሪያ ለደኅንነትዎ ሲባል ታግዷል፤ ለመፍቀድ ጸረ ቫይረሱን ይክፈቱ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። የሚከፈት ጸረ ቫይረስ ግን አልነበረም። ቤት ለቆ ሲሄድ ዘበኛውን በር ላይ ትቶ የሄደ ተከራይ እስከዚያ ቀን አልገጠመኝም ነበር። ያውም ባለቤቱን አላስገባም የሚል ዘበኛ።

፪. ትሕትናን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የቀረውን ፎልደር ልሰርዝ ብል፣ በገዛ ኮምፒውተሬ ላይ «ፈቃድ የለዎትም» ተባልኩ። የሌላ ድርጅት ጸረ ቫይረስ ልጫን ብል፣ እሱም የእርስዎን ቅሪት አይቶ፣ ሰው ያለበት ቤት አልገባም አለ። ከስክሪኑ ጥግ ያልጠፋችው ቀይ ምልክትዎ «ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው» ትል ነበር። በዚህስ ሐቀኛ ናት።

፫. የድጋፍ ክፍልዎ ባልደረባ ስላሳዩኝ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ እንዳበራው መከሩኝ። ቀጥሎ ማጽጃ ፕሮግራም ላኩልኝ፤ ማጽጃው «ጸረ ቫይረሱ አልተገኘም» ብሎ ራሱን ዘጋ። ይህን ስነግራቸው፣ «እንግዲያው መጀመሪያ መልሰው ይጫኑት፤ ከዚያ ይወገዳል» አሉኝ። ልጫነው ስል ደግሞ ፈቃዴ በስንብቱ ቀን እንደተቋረጠ ተነገረኝ። እንደገና ስደውልላቸው፣ «ግን ለምን አስወገዱት?» ብለው ጠየቁኝ፤ ድምፃቸው የተከዳ ዘመድ ድምፅ ነበር። ሥራውን ሌላ ላብራቶሪ ላስጨርስ ብዬ ወደ ባልደረባዬ ደወልኩ። እሱም ያንኑ ጸረ ቫይረስ አስወግዶ ያንኑ የእገዳ ጽሑፍ እያነበበ ነበር። የጥርስ ሠሪዎች ማኅበራችን ለአባላቱ በሙሉ የእርስዎን ጸረ ቫይረስ በአንድ ውል እንዳስገባ ያኔ ትዝ አለኝ።

፬. ለዚህኛው የምስጋና ቃል ስላጣሁ እንዲያው ልንገርዎ። በእጄ ጊዜያዊ ጥርስ ሠራሁላቸው፤ ተናገር ሲሉት ያፏጫል። አማቴ ከፍርድ ቤቱ በር ላይ አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ በድምፃቸው ብቻ ያሰለፉ ሴት፣ ችሎት ላይ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ቆሙ። ጸሐፊዋ «እናቴ፣ እጅዎን ያንሱና ይናገሩ፤ አልተሰማም» አለቻቸው። አላነሱም። «የምጨምረው የለኝም» ብለው ተቀመጡ። ጎረቤታቸው ጥርሱ ሙሉ ነበርና ብዙ ተናገረ። አጥሩ በተተከለበት ይጽና ተብሎ ተፈረደ።

ያዳነኝ የተፎካካሪዎ ድርጅት ቴክኒሺያን ነው። ገና ሳልጨርስ የማን ቅሪት እንደሆነ ገባው። «አይዞዎት፣ ከሥራችን ግማሹ የእነሱን ሬሳ ማውጣት ነው» አለኝ። ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ፣ የግድ ከሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች ጋር ብቻ አስነሳን፤ ተደብቆ የቀረውን ድራይቨር፣ ያንን በር ላይ የቀረ ዘበኛ፣ አጠፋን፤ ሬጂስትሪ በሚባለው የኮምፒውተሩ መዝገብ ውስጥ የተመዘገበበትን ነቀልን። መቅረጫ ማሽኑ ወዲያው ሥራ ጀመረ። ጥርሱም አምሮ ወጣ። ፍርዱ ግን ቀድሞት ነበር።

የአወጋገዱን ቅደም ተከተል አንድ ገጽ ላይ አትሜ ለማኅበራችን አባላት ሁሉ አድያለሁ፤ ከገጹ ግርጌ የተፎካካሪዎን ስልክ አክዬበታለሁ። እስካሁን ቅር ያለው አባል አልገጠመኝም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችን የእርስዎ ውል ይታደስ ወይስ ይቅር የሚለው ለድምፅ ይቀርባል። ከዚያ በፊት እርስዎ የክብር እንግዳ ሆነው «ደንበኛና አመኔታ» በሚል ርእስ ንግግር እንደሚያደርጉልን ከግብዣው ወረቀት አይቻለሁ። እንዳይቀሩብን አደራ፤ ወንበርዎ ከፊት ነው።

የተወገደ ነገር ሁሉ እንደማይወገድ ከእርስዎ የተማርኩ፣ እኔም ከእርስዎ ዘንድ እንዲሁ በቀላሉ የማልወገድ፣
አክባሪዎ፣ ጥርስ ሠሪው

ማስታወሻ፦ በጉባኤው ላይ እርስዎን ለታዳሚው የማስተዋወቅ ተራ የእኔ ነበር። ማኅበሩን አስፈቅጄ ለአማቴ ለቅቄላቸዋለሁ። ድምፅ ማጉያ አያስፈልጋቸውም። የደቂቃ ገደብ አለው ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ የለውም ብያቸዋለሁ።