በፎሌ የወረድንበት ቀን

ውድ ሒሩት፣

ትናንት ከደሴ ደውለሽ «ከሰኞ ጀምሮ የተማሪዎች ሰርቪስ ልነዳ ነው፤ እልል በይልኝ!» ስትይኝ እልል አልኩ። እልልታዬ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በራሴ ተናደድኩ። ምን ዓይነት ጓደኛ ነኝ? ቅናት ይሆን እንዴ? ኧረ በማርያም፣ እኔ በአንቺ አልቀናም። ግን ሰኞ ሳይደርስ ይህን ካልጻፍኩልሽ እንቅልፍ አይወስደኝም።

መንዳት ያስጀመርሽኝ አንቺ ነሽ። መንጃ ፈቃዴ ቦርሳዬ ውስጥ ሲያረጅ፣ «ለጌጥ ነው እንዴ የያዝሽው?» ብለሽ ኮተቤ መንገድ ላይ መሪ አስጨበጥሽኝ። አንቺ ጉርድ ሾላን በአንድ እጅሽ እየነዳሽ፣ እያዜምሽ ታልፊያለሽ፤ እኔ ባዶ መንገድ ላይ ላብ በላብ እሆናለሁ። ስለዚህ አንቺ ጎበዝ፣ እኔ ፈሪ ተባልን፤ እኔም አመንኩ።

ግን ያን ቀን ታስታውሻለሽ? እማዬን እንጦጦ ማርያም ወስደናት ስንመለስ። እኔ አጠገብሽ፣ እማዬ ከኋላ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን አውጥተሽ ፎሌ አደረግሽው። «ሒሩትዬ፣ ማርሽ አስገቢ እንጂ» አልኩሽ፣ በሹክሹክታ። «ቤንዚን ልቆጥብ ነው፤ አንቺ ደግሞ ስትፈሪ!» ብለሽ ዘፈንሽን ቀጠልሽ። በፍሬን ብቻ ወረድን፣ ወረድን፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ከዚያ ፍሬኑ እምቢ አለሽ። አንቺ «አይዞን!» ትያለሽ፣ እግርሽ ፍሬኑን ይደበድባል። «ሁለተኛ! ሁለተኛ አስገቢ!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ የሳብኩትም እኔ ነኝ። መኪናዋ ባሕር ዛፎቹ ሥር ያለ የአፈር ቁልል ላይ ተደግፋ ቆመች።

አንቺ እየሳቅሽ ወረድሽ። «እኔ እያለሁ ምን ትሆናላችሁ?» አልሽ። እማዬ አንገትሽ ላይ ተጠምጥማ፣ «እጅሽ ይባረክ፤ አንቺ ባትኖሪ አልቀን ነበር» ብላ መረቀችሽ። እኔ መሬት ላይ ተዘርፍጬ ተቀምጫለሁ። «ይቺ ደግሞ፣ ሁልጊዜ እንደፈራች!» አለችኝ። ወይ ጉድ! የሚገርምሽ፣ እኔም አምኛት ነበር። እንዲህ መሬት ላይ የተዘረፈጠ ሰው መኪና ሊያቆም ይችላል እንዴ?

አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እማዬን የማመላልሳት እኔ ነኝ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ከኋላ የክላክስ መዓት እየወረደብኝ እወርዳለሁ። አንቺ ስትነጂ የበሩን እጀታ ጨምድዳ ትጸልይ የነበረችው እማዬ፣ እኔ ስነዳ ታንኮራፋለች። ቤት ስንደርስ ግን «ምነው ሒሩት በነበረች» ትላለች! ታዲያ ሰው በምኑ ነው የሚታመነው? እኔ እንጃ።

ሒሩትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ መሪ አልነካም ነበር። ለዚህ ነው ነገሩ የሚከብደኝ። ግን እወድሻለሁና ልበለው፦ ቁልቁለት መንዳት አትችይም። የደሴን ቁልቁለት ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ከኋላሽ የሰው ልጆች አሉ። ተቆጪኝ፤ ከፈለግሽ አኩርፊኝ። ብቻ ሥራውን ለሳምንት አስተላልፊውና ነይ። እንጦጦን አብረን እንውረድ። የምነዳው እኔ ነኝ፤ አንቺ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። እጄ መንቀጥቀጡ አይቀርም። እጄን አትዪ፤ እግሬንና ማርሹን እዪ።

የምትፈራልሽ፣
ሥርጉት