የመረጥኩት ምሳሌ

ሶዶ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ስለ ፓወር ሳስተምር፣ 2⁴ እና 4² ሁለቱም አሥራ ስድስት መሆናቸውን ሰሌዳ ላይ አሳየሁ። ልጆቹ ወደዱት። መልመጃ ስሰጥ ግን አስቴር 2³ እና 3² እኩል ናቸው ብላ መጣች።

«ማን አለሽ?»

«ቲቸር፣ ቦታ ቢቀያየሩም ያው ነው ብለው አሳዩን አይደል?»

ጓሯቸው ያለውን እንሰት አነሣሁላት። አንዱ ሁለት ችግኝ ቢያወጣ፣ ችግኞቹም እንዲሁ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ስንት? ስምንት አለች። ሦስት ሦስት ቢያወጣ፣ ሁለተኛው ዙር ላይስ? ዘጠኝ። ከዚያ ሳቀች። «ሁለት ብቻ የሚያወጣ እንሰትማ አባቴ ይነቅለዋል!»

እሷስ ገባት። ሌሎቹ ግን ደወል ተደውሎ ወጥተዋል፤ ፈተናው ነገ ነው። ቦታ ተቀያይረው እኩል የሚመጡ ሁለት የተለያዩ ሙሉ ቁጥሮች 2 እና 4 ብቻ ናቸው። ከቁጥር ሁሉ እነሱን መረጥኩ።